ቆጣሪው 100 ብሎ ቢሉ ለምን 1122 ይላል? የእንግሊዝ የጋዝ ሂሳብ ችግርና መፍትሄ

የጋዝ ቆጣሪው 100 ሜትር ኩብ ቆጥሮ ቢሉ ላይ 1122 ኪሎዋት ሰዓት ሲመጣ ያስደነግጣል። አይደንግጡ፣ አልተዘረፉም። ቆጣሪው እንደ ጣሳ ነው፤ ያለፈውን ጋዝ ይሰፍራል እንጂ ሙቀቱን አያውቅም። ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ ለሙቀቱ ነው፣ በኪሎዋት ሰዓት። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ ገብስ ሚዛን ላይ እኩል አይወጡም አይደል? ጋዝም እንደዚያው ነው።

ራስዎ ያስሉት። ከአሁኑ ንባብ ያለፈውን ይቀንሱ። በ1.02264 ያባዙ፤ ይህ የጋዙ የሙቀት መጠንና ግፊት ማስተካከያ ነው። ከዚያ ቢሉ ላይ ባለው ካሎሪፊክ ቫልዩ (አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ የሚሰጠው ሙቀት፣ በሜጋጁል) ያባዙና ወደ ኪሎዋት ሰዓት ለመቀየር ለ3.6 ያካፍሉ። ቫልዩው 39.5 ከሆነ 1122 ይመጣል።

ውጤትዎ ከቢሉ ወደ ሁለት በመቶ ያንሳል? 1.02264ን ረስተዋል። ሺህ እጥፍ በለጠ? ከነጥብ በኋላ ያሉትን ቀይ ቁጥሮች አብረው አንብበዋል፤ ይተዋቸው።

ቢሉ ካሰሉት ወደ ሦስት እጥፍ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እኔም ደርሶብኛል። አሮጌው ቆጣሪ ተነቅሎ አዲስ ተተከለልኝ፤ ጋዝ አቅራቢው ድርጅት መዝገብ ላይ ግን አሮጌው እንዳለ ቀረ። የድሮዎቹ የሚቆጥሩት በመቶ ኩቢክ ጫማ ነው፤ አንዱ 2.83 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ በወር 60 ሜትር ኩብ ተጠቅሜ፣ 673 ኪሎዋት ሰዓት መሆን ሲገባው በመቶ ኩቢክ ጫማ ተቆጥሮ 1905 መጣልኝ። ስልክ ላይ ያናገረችኝ ልጅ «ክረምት ስለሆነ ነው» አለችኝ። በስንት ጭቅጭቅ!

መፍትሄው ፎቶ ነው። የቆጣሪውን ፊት ጠጋ ብለው ያንሱ፤ መለያ ቁጥሩና መለኪያው ይታዩ። «ኤም» ፊደል ከትንሽ 3 ጋር ካለ ሜትር ኩብ ነው፤ «ኤፍ ቲ» ከሆነ ጫማ ነው። አሮጌው ብዙ ጊዜ አራት፣ አዲሱ አምስት ጥቁር አሃዝ አለው። ፎቶውን በኢሜይል ይላኩና ቆጣሪው ከተቀየረበት ቀን ጀምሮ እንደገና ያስሉ ይበሏቸው። በስልክ ብቻ አይተዉት። ቅሬታዎ ሳይፈታ ስምንት ሳምንት ካለፈ ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን (የጋዝና መብራት ቅሬታ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል) ይሂዱ፣ በነፃ ነው።

ስህተቱ ተገላቢጦሽ ሆኖ ሲያስከፍሉዎት የቆዩት አንሶ ከተገኘም፣ ጥፋቱ የእርስዎ ካልሆነ ከ12 ወር በፊት ለተጠቀሙት ወደ ኋላ ተመልሰው ሊጠይቁዎት አይችሉም።