የፖለን ሰሞን ስራ ላይ ሳትፈዙ እንዴት ታልፉታላችሁ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኤፕሪል ሲገባ ጠዋት መኪናው ላይ ቢጫ ዱቄት ተነፍቶ ነው የምታገኙት፣ ፖለን የሚባለው የዛፍና የሳር አበባ ብናኝ ነው፣ ከዛ ማስነጠሱ፣ ዓይን ማሳከኩ፣ ማታ አፍንጫ ታፍኖ ሲገላበጡ ማደሩ ይከተላል። አገር ቤት እያለ ምንም ያልነበረበት ሰው እዚህ መጥቶ የተወሰኑ ዓመታት ከኖረ በኋላ ሊጀምረው ይችላል፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን "ሳይነሴ ተነሳብኝ" እያልን አለርጂ መሆኑን እንኳን ሳናውቅ እንከርማለን። ኡበር ለሚነዳም ሆነ ሆስፒታል ናይት ሺፍት ለሚገባ ሰው ነገሩ ሁለት በኩል ነው፣ ህመሙም ያደነዝዛል፣ መድኃኒቱም ሊያደነዝዝ ይችላል።

1. መጀመሪያ አለርጂ መሆኑን ለዩ። ጉንፋን ሰውነት ይቆረጣጥማል፣ አንዳንዴ ትኩሳት አለው፣ በሳምንት በአስር ቀን ይሄዳል። አለርጂ ግን ትኩሳት የለውም፣ ዓይንና አፍንጫ ያሳክካል፣ ንፍጡ እንደ ውሃ ነው፣ ለሳምንታት አይለቅም። የዛፍ ፖለን ከማርች እስከ ሜይ ነው፣ ሳር ሜይና ጁን፣ ራግዊድ የሚባለው አረም ደግሞ ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ውርጭ እስኪመታው። ደረታችሁ ሲር ሲር ካለ ወይ ትንፋሽ ካጠራችሁ አስም ሊሆን ስለሚችል ኪኒን ከመግዛት በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ።

2. ፋርማሲ ስትገቡ የካርቶኑን ፊት ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ቤናድሪል ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የድሮ መድኃኒት ነው፣ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ ያስተኛል። ስሙ ላይ ፒኤም (PM) የሚል የህመም ማስታገሻም ብዙ ጊዜ ይሄው ነው ያለበት፣ ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ወስዶ ዶዙን እጥፍ ማድረግ በጣም ቀላል ነው። ከአዲሶቹ በብዛት የሚታወቁት ሶስት ናቸው፣ ሴትሪዚን (ዚርቴክ)፣ ሎራታዲን (ክላሪቲን)፣ ፌክሶፌናዲን (አሌግራ)። ከነዚህ ሴትሪዚን አንዳንድ ሰው ያስተኛል፣ ፌክሶፌናዲን ከሁሉም ትንሹን ነው። የፋርማሲው የራሱ ብራንድ ያው መድኃኒት ነው፣ በርካሽ ያዙት።

3. "እኔን አያስተኛኝም" አትበሉ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። በፈረንጆቹ 2000 በወጣ ጥናት አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰዎችን የመንዳት ሲሙሌተር (መንዳትን የሚያስመስል ማሽን) ላይ አስቀምጠው 50 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን ሰጧቸው፣ ይሄ ማለት ሁለት ተራ ኪኒን ነው፣ በሌላ ቀን ደግሞ በህግ ሰክሯል የሚያስብል አልኮል አጠጧቸው፣ በሌላ ቀን ፌክሶፌናዲን። ከፊት ያለውን መኪና ፍጥነት እያዩ መከተል ላይ ቤናድሪሉ ከአልኮሉም ብሶ ተገኘ፣ ፌክሶፌናዲኑ ግን ለማነጻጸር ከተሰጣቸው ምንም መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን ብዙም አልተለየም። ከዚህ ሁሉ እኔን የገረመኝ ሰዎቹ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚላቸው መጠንና አነዳዳቸው የተበላሸበት መጠን አለመገጣጠሙ ነው፣ ማለትም ንቁ ነኝ እያላችሁ ፈዛችሁ ልትነዱ ትችላላችሁ። የአሜሪካ አቪዬሽን መስሪያ ቤት ኤፍኤኤ ዳይፈንሃይድራሚን የወሰደ ፓይለት 60 ሰዓት ሳይሞላው እንዳይበር ይላል፣ ማታ የዋጣችሁት ኪኒን ጠዋት ስራ ላይ አብሯችሁ አለ ማለት ነው።

4. አዲስ ኪኒን የመጀመሪያ ቀን ኦፍ ስትሆኑ ሞክሩት። ሴትሪዚን ያስተኛኛል የምትሉ ከመተኛታችሁ በፊት ውሰዱት፣ ግን ናይት ሺፍት የምትሰሩ ከመተኛት በፊት ማለት ለናንተ ጠዋት ከስራ ስትገቡ ነው፣ ማታ ሰው ሁሉ ሲወስድ አብራችሁ ወስዳችሁ ስራ እንዳትገቡ። አሌግራ የምትወስዱ ደግሞ በውሃ ብቻ ዋጡት፣ የብርቱካን፣ የአፕልና የግሬፕፍሩት ጁስ ሰውነት ውስጥ የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል።

5. አፍንጫ መታፈኑ ካስቸገረ ስፕሬይ ይሻላል። ፍሉቲካዞን (ፍሎኔዝ) ያለ ማዘዣ ይሸጣል፣ አያስተኛም፣ ግን አንዴ ነፍቶ "አልሰራም" ብሎ መጣል የለም፣ በየቀኑ ነው፣ ሙሉ ጉልበቱን ለማሳየት እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ወቅቱ ሳይገባ የጀመረ ሰው ብዙ ያርፋል። አንገት ትንሽ ጎንበስ፣ በቀኝ እጅ ግራውን አፍንጫ፣ በግራ እጅ ቀኙን፣ ጫፉ ወደ መሀል ግድግዳው ሳይሆን ወደ ውጭ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይዙር፣ አለበለዚያ ሊያደማ ይችላል። ጠንክሮ መሳብ አያስፈልግም፣ ከሳባችሁት መድኃኒቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው የሚገባው።

6. ስማቸው መጨረሻ ላይ ዲ (D) ያለባቸው፣ እንደ ክላሪቲን ዲ፣ ሱዶኢፌድሪን አለባቸው፣ ከካውንተር ኋላ በመታወቂያ ነው የሚሰጡት። አፍንጫ ይከፍታሉ፣ ግን እንቅልፍ ይነሳሉ፣ ግፊትም ይጨምራሉ፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ እንዳይነካው።

7. ፖለኑን ራሱ ቀንሱ። መኪና ውስጥ መስኮት ዘግታችሁ ኤሲውን የውስጡን አየር እንዲያዞር አድርጉት። ቤት ስትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ፀጉር ታጥባችሁ ተኙ። ለፋሲካ ቤተክርስቲያን ግቢ ዛፍ ስር ቆማችሁ የዋላችሁበትን ነጠላ ደግሞ አልጋ ላይ አትጣሉት።

ከአገር ቤት ለጉብኝት ለሚመጡ እናት አባት ቤናድሪል ከቤታችሁ አንስታችሁ አትስጡ፣ እድሜ የገፋ ሰው ላይ መዘባረቅ፣ መውደቅና ሽንት መከልከል ሊያመጣ ይችላል። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ወይ ነፍሰ ጡር የሆነች ካለች ፋርማሲስቱን ጠይቁ፣ ቀጠሮም ክፍያም የለውም።