ስቱዲዮ የላችሁም? ጋቢ አለላችሁ

ቤት ውስጥ ለሬዲዮ ወይም ለፖድካስት ስትቀርጹ ድምፃችሁ ከጉድጓድ የሚወጣ ከመሰለ ጥፋቱ የስልካችሁ አይደለም። የክፍሉ ነው። የኮንዶሚኒየም ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ ማይኩም መጀመሪያ የእናንተን፣ ትንሽ ዘግይቶ ደግሞ ከግድግዳ የተመለሰውን አብሮ ይቀዳል።

ማይክ ለመግዛት ከመሮጣችሁ በፊት ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ካጨበጨባችሁ በኋላ የሚያስተጋባ ነገር ካለ እዚያ አትቅረጹ። ቁም ሳጥኑን ክፈቱ፣ ፊታችሁን ወደተሰቀሉት ልብሶች አዙሩ፣ ከዚያ ጋቢ ከነስልካችሁ ተከናነቡ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። ወፍራም ጨርቅ ድምፅን ውጦ ያስቀራል፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ከነጠላም ከአንሶላም ይሻላል። ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አርቁና ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፖሊስ» ባላችሁ ቁጥር ትንፋሹ ማይኩ ላይ ቡፍ ይላል፣ ዜና ውስጥ ደግሞ ፖሊስ የማይጠራበት ቀን የለም። ኤርፕሌን ሞድም አትርሱ።

ጋቢው የክፍሉን ማስተጋባት እንጂ የውጭውን ጩኸት አያስቀርም። ጎረቤት ግራይንደር ከያዘ እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ለቃለ መጠይቅም አይሆንም፣ እንግዳን ጋቢ አከናንቦ ማን ያናግራል? ለዚያ የቆመ መኪና ውስጥ ግቡ። ሞተሩ ይጥፋ፣ መስኮቱ ይዘጋ፤ የጨርቅ ወንበር ካለው ደግሞ በጣም አሪፍ ነው።