«አልገባ አለኝ»፦ የታምፖን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ታምፖን በወር አበባ ጊዜ ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን የሚመጥ ጥቅልል ጥጥ ነው። ደሴ የሚገባው ብዙ ጊዜ በሻንጣ ነው። አክስት ከአረብ አገር ስትመለስ ወይ እህት ከአውሮፓ ስትመጣ፣ ከሳሙናውና ከሽቶው መሀል አንድ ካርቶን አውጥታ ትሰጥሻለች። መመሪያው በአረብኛ ነው ወይ በጀርመንኛ። እናትን መጠየቅ ያሳፍራል። ፋርማሲ ገብተሽ እንዳትጠይቂ ደግሞ ከኋላሽ ሰው ቆሟል።

የኔም እንደዚያው ነበር። የመጀመሪያውን ያስገባሁ ቀን ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በእግሬ ሄድኩ። በተራመድኩ ቁጥር ይቆረቁረኛል። ታምፖን ማለት እንዲህ ነው ብዬ ቻልኩት። ለካ እንዲህ አልነበረም። በትክክል የገባ ታምፖን ጨርሶ አይሰማም። ከተሰማሽ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው፤ የተሳሳተው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰውነትሽ አይደለም። ወይ አቅጣጫው ነው፣ ወይ ጥልቀቱ፣ ወይ መጠኑ።

ከሁሉ በፊት አንዱን ፈትተሽ እይው

ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ ካርቶኑን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። ሁለት ሞክራ ሁለቱም አልሆነላትም። «አብሽሪ» አልኳትና ቁጭ ብለን አንዱን ፈታን። ውጭው ወፈር ያለ ቱቦ ነው። ከኋላው ቀጠን ያለ ሌላ ቱቦ ይገባበታል። ጥጡ ከፊት ተቀምጧል፤ ክሩ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ አልፎ ከኋላ ይንጠለጠላል። ቀጭኑን በሌባ ጣቷ ስትገፋው ጥጡ ከፊት ብቅ አለና ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«እቴቴ፣ እኔ ቱቦውም እዚያው የሚቀር መስሎኝ ነበር!» አለችኝ።

አይቀርም። አፕሊኬተር የሚባለው ያ ቱቦ ነው፤ ሥራው ጥጡን ቦታው አድርሶ መውጣት ነው። ቀጥለን ጥጡን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣልነው። ጣት የማታክል ነገር ቀስ እያለች አበጠችና ብርጭቆውን ያዘችው። ልጅቷ ክሩን ይዛ ወደ ላይ ጎተተች፤ ጥጡ ውሃውን እያንጠባጠበ ወጣ፣ ክሩ ንቅንቅ አላለም። «ቢበጠስስ?» የሚለው ጭንቀቷ እዚያው አበቃ። አንድ ታምፖን ለዚህ ብታጠፊ አይቆጭሽም።

አንድ ነገር ልብ በይ። አንዳንዱ አፕሊኬተር አጥሮ ነው የሚታሸገው። ቀጭኑን ቱቦ መጀመሪያ ወደ ኋላ ስበሽ «ቀጭ» ማለት አለበት። ይህን ሳታውቂ ከገፋሽው ጥጡ አይወጣልሽም።

አልገባ ካለ

የመጀመሪያው ምክንያት አቅጣጫ ነው። ብዙዎቻችን ቀጥ አድርገን ወደ ላይ እንገፋለን። ብልት ግን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደ ወገብ ያጋደለ ነው። ወደ ላይ ስትገፊ ግድግዳውን ነው የምትነኪው፤ እሱ ያማል።

መፍትሄው ይኸውልሽ። እጅሽን ታጠቢ። አንድ እግርሽን ዱካ ላይ አድርጊ፣ ወይ ቁጢጥ በይ። ወፍራሙ ቱቦ ላይ መያዣ እንዲሆን የሻከረ ወይም ቀለበት የመሰለ ቦታ አለ፤ እሱን በአውራ ጣትና በመሀል ጣት ያዢ። ትንፋሽሽን እያወጣሽ ወደ ወገብሽ፣ ከመቀመጫሽ ከፍ ብሎ ወዳለው ቦታ አነጣጥረሽ አስገቢ። ጣቶችሽ ሰውነትሽን ሲነኩ አቁሚ። አሁን ቀጭኑን ቱቦ በሌባ ጣት እስከ መጨረሻው ግፊ። ከዚያ ሁለቱንም ቱቦ አንድ ላይ አውጪ። ክሩ ውጭ ይቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። ስትፈሪ የዳሌ ጡንቻ ሳታዢው ይጨመደዳል። የዚያን ቀን በግድ አትግፊ፤ ተይውና በሌላ ቀን ሞክሪ። ሦስተኛው ድርቀት ነው። ደሙ በሚበዛበት ቀን፣ በትንሹ መጠን ጀምሪ። ከፋርማሲ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ካገኘሽ ጫፉን ትንሽ ቀቢው። ቫዝሊንና ቅባት ግን ይቅር።

በረጋ መንፈስ ደጋግመሽ ሞክረሽ እምቢ ካለ፣ ወይም ገብቶ አልወጣ ካለ፣ የማህፀን ሐኪም ትይሽ። አንዳንድ ሴት ላይ የድንግልና ሽፋን የሚባለው ስስ ሥጋ መሀሉን እንደ ድልድይ ያቋርጠዋል። ቀላል ሕክምና አለው። በግርዛት ምክንያት ጠባሳ ያለባት ወይም የተሰፋች ሴትም ከመሞከሯ በፊት ሐኪም ታማክር። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ሐኪሞቹም የሚያውቁት ነገር ነው።

«ድንግልናዬን ይወስድብኛል?»

ይህን የማትጠይቅ ልጅ የለችም፤ ብትጠይቅም ትክክል ናት። ያ ስስ ሥጋ በሩን እንደ ክዳን የደፈነ አይደለም። ክፍት ቦታ አለው፤ የወር አበባው የሚወጣው በዚያ ነው። ትንሽ ታምፖንም ብዙ ጊዜ በዚያው ያልፋል። አንዳንዷ ላይ ሊለጠጥ ወይም ትንሽ ሊቀደድ ይችላል፤ ያ ግን በስፖርትም ያጋጥማል። ድንግልና ከወንድ ጋር መገናኘት አለመገናኘት ነው እንጂ የጥጥ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 በምርመራ ድንግልናን ማወቅ እንደማይቻል በግልጽ አስታውቋል። ይህን ሁሉ ሰምተሽ ልብሽ ካልፈቀደ ሞዴስሽን ተጠቀሚ። ታምፖን ግዴታ አይደለም።

ገብቶ የሚቆረቁር ከሆነ

ጥልቀት አንሶታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። በሩ አካባቢ ስሜት የሚሰማው ብዙ ነርቭ አለ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይቀንሳል። ጥጡ በሩ ላይ ከቀረ ስትቀመጪም ስትራመጂም ይነግርሻል። እጅሽን ታጥበሽ በጣትሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ግፊው። ካልሆነ አውጥተሽ አዲስ አስገቢ። የወጣውን መልሰሽ እንዳታስገቢ።

አፕሊኬተሩ ሲወጣ ከቆነጠጠሽ ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። የቱቦው ጫፍ እንደ አበባ ተሰነጣጥቆ ነው የሚከፈተው። ቀጭኑን እስከ መጨረሻው ሳትገፊ ከሳብሽው እነዚያ ስንጥቆች ሥጋ ይይዛሉ። ጨርሰሽ ግፊ፣ ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። የካርቶን ቱቦ እርጥበት ከነካው ይልፈሰፈሳል፤ ሻወር ቤት አታስቀምጪው።

ቢያፈስ

ያወጣሽውን ታምፖን እይው፤ መልሱ እዚያ ላይ ነው። ከ4 ሰዓት በታች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከቀላ መጠኑ አንሶሻል። ግማሹ ነጭ ሆኖ ካፈሰሰ መጠኑ አይደለም፤ ቦታውን አልያዘም፣ ወደ ውስጥ ይግባ። ከብዙ ሰዓት በኋላም ነጭ ሆኖ፣ ሲወጣ እየፋቀ ካመመሽ በዝቶብሻል፤ ዝቅ በይ።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ስም የሚናገረው የመምጠጥ አቅሙን እንጂ ያንቺን ዕድሜ ወይም ውፍረት አይደለም። በአሜሪካ መለኪያ ላይት ከ6 ግራም በታች፣ ሬጉላር ከ6 እስከ 9፣ ሱፐር ከ9 እስከ 12፣ ሱፐር ፕላስ ከ12 እስከ 15 ግራም ይይዛል። ከአውሮፓ የሚመጣው ላይ የጠብታ ሥዕል አለ፤ ጠብታው ሲበዛ አቅሙም ይበዛል። ለጀማሪ ላይት፣ ለአብዛኛው ቀን ሬጉላር ይበቃል። «ቶሎ እንዳይሞላብኝ» ብለሽ ትልቁን አትምረጪ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ክሩ ብቻ ከረጠበ ሽንት ነክቶት ይሆናል። ታምፖን እያለ መሽናት ይቻላል፤ የሽንቱ ቀዳዳ ሌላ ነው። ክሩን ወደ ጎን ያዝ አድርጊው።

ሱፐር እንኳ በየሰዓቱ ወይም በየ2 ሰዓቱ የሚሞላ ከሆነ ግን የታምፖን ችግር አይደለም። ሐኪም ጋ ሄደሽ ደምሽንም ተመርመሪ።

ክሩ ከጠፋ፣ ወይም ሽታ ካመጣ

ታምፖን ሆድ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም። ከጫፍ ያለው የማህፀን በር ቀዳዳው በጣም ጠባብ ነው፤ ታምፖን አያሳልፍም። ቁጢጥ ብለሽ እንደማማጥ ግፊ፣ በታጠበ ጣት ፈልጊው። ካልተገኘ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ እዚያ በደቂቃ ውስጥ ያወጡልሻል። ከወር አበባ በኋላ መጥፎ ሽታና ቡናማ ፈሳሽ ካየሽ የተረሳ ታምፖን ሊኖር ይችላል። አዲስ ከማስገባትሽ በፊት የፊተኛውን ማውጣትሽን ሁሌ አረጋግጪ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ሉፕ ያለሽ ከሆነ የምትስቢው የታምፖኑን ክር ብቻ ይሁን። አራስ ከሆንሽ ወይም ፅንስ ከወረደሽ ሐኪም እስኪፈቅድ ሞዴስ ብቻ።

ባለ ቱቦው ይሻላል ወይስ ያለ ቱቦው?

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ ቱቦው ይሻላል። ጣትሽ ጥጡን አይነካውም። አሜሪካዊው ሐኪም ኤርል ሃስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቱቦውን የፈለሰፈውም እጅ ጥጡን እንዳይነካው ብሎ ነው። ውሃ የማያሳስብሽ ከሆነ በጣት የምትገባው ያለ ቱቦው ትንሽ ናት፣ ኪስ ውስጥ ትገባለች፣ ቆሻሻዋም ያነሰ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሞዴስ ጭንሽን እየፋቀ ካቃጠለሽ ከሁለቱም አንዱ እፎይታ ይሰጥሻል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና የማይሰማሽ ነገር፣ ሐረጎን ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ይሰማሻል።

ማሸጊያው የተቀደደ ወይም እርጥበት የነካው ከሆነ ጣይው። የተጠቀምሽበትን በወረቀት ጠቅልለሽ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ክተቺ። በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ውስጥ ከጣልሽው ቱቦውን ይደፍነዋል።

ድንገት ትኩሳት ከመጣ

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የሚባለውን በሽታ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ደም ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሴቶች በዚህ ታመው፣ የሞቱም ነበሩ። ብዙ የሚመጥ ታምፖን ረጅም ሰዓት ማቆየት ከበሽታው ጋር መያያዙ የታወቀው ያኔ ነው። ትልቁን አትምረጪ ያልኩሽም ለዚህ ነው። የሚበቃሽን ትንሹን መጠን ያዢ፣ በየ4 እስከ 8 ሰዓቱ ቀይሪ፣ ከ8 ሰዓት አታሳልፊ። የወር አበባ በሌለበት ቀን አታስገቢ።

በአውቶቡስ አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ አስቢው። ሌሊት 11 ሰዓት ደሴ ላይ ያስገባሽው ቀን 7 ሰዓት ላይ 8 ሰዓት ይሞላዋል። ሸዋ ሮቢት ወይም ደብረ ሲና ላይ መኪናው ሲቆም ቀይሪው። ሽንት ቤቱ ካላስተማመነሽ ለጉዞው ሞዴስ አድርጊ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ በድንገት የሚመጣ ከ39 ዲግሪ የማያንስ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ፀሐይ ያቃጠለው የሚመስል የቆዳ መቅላት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ራስ መሳት። ሁሉም እስኪመጣ አትጠብቂ። ታምፖኑን ወዲያው አውጪና ሆስፒታል ሂጂ።

እዚያ ስትደርሺ ደግሞ ተናገሪ። እኛ አገር ትኩሳትና ማስመለስ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባና ታይፎይድ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ይብሳል። ታምፖን መጠቀምሽን ካልነገርሽው ሐኪሙ ከየት ያውቃል? አባትሽ ወይም ወንድምሽ አብሮሽ ካለ ውጭ ይጠብቅ በይ። ሐኪሙን «የወር አበባ ላይ ነኝ፣ ታምፖን ተጠቅሜያለሁ፣ ያስገባሁት በዚህ ሰዓት ነው» በይው።