የሳልቫዶርን የገጠር ኩምቢያ በቻንቾና ስልት እንዴት መጫወት ይቻላል?

ኩምቢያ የላቲን አሜሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። በምሥራቅ ኤል ሳልቫዶር፣ በሞራሳን፣ በሳን ሚጌልና በላ ኡኒዮን ገጠሮች ደብል ቤዙን «ቻንቾና» ይሉታል፤ ትልቅ ሴት አሳማ ማለት ነው። ስሙ ከመሣሪያው አልፎ የቡድኑም መጠሪያ ሆኗል። ሁለት ቫዮሊን፣ ጊታሮች፣ ቤዝና ከበሮዎች ይሰባሰባሉ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ቫዮሊኑ ይማርከውና ከዜማው ይነሳል። እኔ ግን ከቤዙ ጀምሩ እላለሁ፤ ቡድኑን ያስጠራው እሱ ነው።

መጀመሪያ ቤዙን ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ብላችሁ ቃኙ። ደብል ቤዝ ከሌላችሁ የጊታራችሁ አራት ወፍራም ክሮችም በዚሁ ቅኝት ስለሆኑ ለልምምድ ይበቃሉ። እስከ አራት እየቆጠራችሁ በአንድ ላይ ሬን፣ በሦስትና በአራት ላይ ላን በጣት ምቱ። ሁለት ላይ አዲስ ድምፅ አትጨምሩ፤ የመጀመሪያው ድምፅ ይዘርጋበት። ኩምቢያን የሚያስረግጠው ይህ ክፍተት ነው፤ ከሞላችሁት ጭፈራው ይጠፋል። ወደ ላ ሰባት ኮርድ ስትሻገሩ በአንድ ላይ ላ፣ በሦስትና በአራት ላይ ሚ ይሆናል። ሁሉም ባዶ ክር ስለሆነ ግራ እጃችሁ አይደክምም። ጆሯችሁ ቺክቺካ ከለመደ ግን ተጠንቀቁ፦ እዚህ እያንዳንዱ ምት ለሁለት እንጂ ለሦስት አይከፈልም። ቤዙ ያለ ሐሳብ እስኪሄድላችሁ ድረስ ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ቀጥሎ ጊታሩ ይግባ። ሬ ሜጀርን ያዙና ሁለትና አራት ላይ ብቻ አጠር አድርጋችሁ ምቱ፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ክሩን በእጃችሁ አፍኑት። ሁለት ላይ ጊታሩ የሚናገረው ቤዙ በተወው ቦታ ነው፤ አራት ላይ ግን አብረው ይመታሉ። የሚፋቅ መሣሪያ ካላችሁ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር እያላችሁ ፋቁ።

ቫዮሊኖቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ። አንደኛው ዜማውን ሲይዝ ሁለተኛው በሦስተኛ ርቀት ከሥሩ ይከተለዋል፦ አንደኛው ላ ሲል ሁለተኛው ፋ ሻርፕ፣ አንደኛው ፋ ሻርፕ ሲል ሁለተኛው ሬ። መግቢያውንና በግጥሙ መካከል ያለውን ቦታ ይጫወታሉ፤ ዘፋኙ ቃል ሲያወጣ ዝም ማለትን ይልመዱ። ግጥሙ መሰማት አለበት። ከ1980 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ሎስ ቶሮጎሴስ ዴ ሞራሳን የተባለው ቡድን የታጋዮቹን ዜና በዚሁ ሙዚቃ ይዘፍን ነበር።

በሦስት ምት ለሚሄድ ራንቼራ (የሜክሲኮ ስልት ዘፈን) ቤዙ አንድ ላይ፣ ጊታሩ ሁለትና ሦስት ላይ ይመታል።

ለማዳመጥ የሎስ ኤርማኖስ ሎቮን ቅጂ ፈልጉ። ከሳልቫዶር ተሰደው ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቻንቾናን ይዘው የቀጠሉ ወንድማማቾች ናቸው። መጀመሪያ ስትሰሙ ቫዮሊኖቹን ተዉና ቤዙን ብቻ እየተከተላችሁ ቁጠሩ።