የታይሚንግ ቺንጋ ችግርና መፍትሄ፦ በጎጃም መንገድ ለሚሠሩ ያገለገሉ የናፍጣ መኪኖች

ከአባይ በረሃ እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ ድንገት ጠፍቶ የቆመ የናፍጣ መኪና ሲያጋጥም የሚደረገው የታወቀ ነው። ሾፌሩ ሞተሪኖውን (የሞተሩን ማስነሻ) ደጋግሞ ይሞክራል። እምቢ ሲለው ተሳፋሪው ይወርዳል፣ መንገደኛው ያግዛል፣ ማርሽ ገብቶ መኪናው ይገፋል። የባትሪ ድካም ከሆነ መግፋቱ ይጠቅማል። የተበጠሰው የታይሚንግ ቺንጋ ከሆነ ግን በተገፋ ቁጥር ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅር፦ እየሄደ ሳለ በአንድ ጊዜ ድርግም ብሎ የጠፋን የናፍጣ ሞተር ቺንጋውን ሳያዩ አያስነሱ፣ አያስገፉም።

ቺንጋው ክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ከካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር፣ በብዙ ሞተሮችም ከናፍጣ ፖምፓው ጋር የሚያያይዝ ባለ ጥርስ ጎማ ነው። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ቫልቭ የሚከፈተውና የሚዘጋው በዚህ ልክ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን እጅግ አጥብቆ ይጨምቃል። በቶዮታ 5ኤል እና 1ኤችዜድ ሞተሮች መጠኑ 22 ለ 1 ያህል ነው። ስለዚህ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለተከፈተ ቫልቭ የሚተርፍ ቦታ የለም።

መኪናዎ ቺንጋ ያለው መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በሃይሉክስና በሃይኤስ ላይ የምናውቃቸው 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል፣ የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ የፕራዶው 1ኬዜድ፣ እንዲሁም 1ኬዲ እና 2ኬዲ ሁሉም ቺንጋ አላቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት 1ጂዲ እና 2ጂዲ በሰንሰለት ይሠራሉ። የኒሳን ቲዲ27 በጥርስ ማርሽ ስለሚሠራ ይህ ጭንቀት የለበትም። የሚትሱቢሺ 4ዲ56 ደግሞ ሁለት ቺንጋ አለው፤ ትንሹ የሞተሩን ንዝረት የሚያረጋጉትን ዘንጎች ያዞራል። ትንሹ ሲበጠስ ቁራጩ ከትልቁ ሥር ገብቶ ትልቁንም ሊያስዘልለው ወይም ሊበጥሰው ስለሚችል ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይቀየራሉ።

ምልክት፦ ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት በርቷል፤ ወይም መብራቱ ጠፍቷል፣ የመኪናው ታሪክ ግን አይታወቅም

መብራቱ ቺንጋውን አያይም። የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በቀደምቶቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች በየ100,000፣ በኬዲዎቹ በ150,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። ማጥፋቱም ቀላል ነው፤ በብዙዎቹ አሮጌ ሞዴሎች ከፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ትንሽ የጎማ ውታፍ ነቅሎ በቀጭን ካቻቢቴ መጫን ይበቃል። ሻጩ ቺንጋውን ሳይነካ መብራቱን ብቻ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ኪሎ ሜትሩ ራሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆንም ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ገዢ የሚያገኘውም አብዛኛውን ጊዜ የሻጩን ቃል ብቻ ነው።

መፍትሄው አጭር ነው። ቀንና ኪሎ ሜትር የተጻፈበት ደረሰኝ ወይም ክዳኑ ላይ የተለጠፈ ምልክት ከሌለ ቺንጋው እንዳልተቀየረ ይቁጠሩትና ይቀይሩት። የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ማየት ይረዳል፤ ጀርባው የተሰነጣጠቀ፣ ጠርዙ የተተለተለ ወይም ጥርሱ ሥር የተላጠ ከሆነ በዚያው ቀን ይቀየር። ነገር ግን «ሳየው ደህና ነው» ብሎ መተው አይቻልም። በውስጡ ያለው ክር ሲደክም ከውጭ አይታይም፤ ጎማም መኪናው ቆሞ እያለ እንኳ ያረጃል።

ምልክት፦ ከሞተሩ ፊት በኩል የሚያፏጭ ወይም የሚያጉረመርም ድምፅ

ጠዋት በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ብርድ ሲነሳ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ የዲናሞው የውጭ ቺንጋ እንጂ የታይሚንጉ አይደለም። ለመለየት የውጩ ቺንጋ ላይ ጥቂት ውኃ ያንጠባጥቡ፤ ድምፁ ለአፍታ ከተለወጠ ጥፋቱ የእርሱ ነው። ካልተለወጠ ሞተሩን አጥፍተው የውጭ ቺንጋዎቹን በሙሉ ያውልቁና ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ያስነሱት፤ ያለ ውኃ ፖምፓ ስለሚሠራ ከዚያ በላይ አይቆይ። ድምፁ አሁንም ካለ የታይሚንግ ቺንጋውን የሚወጥረው (ወጣሪው) ወይም መስመሩን የሚያስይዘው ፑሌጃ፣ ማለትም ቺንጋው የሚያልፍበት ክብ ብረት፣ ኩሽኔታው (የሚያሽከረክረው ባለ ኳስ ቀለበት) እያለቀ ነው። ያ ኩሽኔታ ከተያዘ አዲስ ቺንጋም በደቂቃዎች ውስጥ ተቃጥሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ቺንጋ ሲቀየር ወጣሪውና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብን አልደግፍም፤ የመፍታትና የመግጠም ልፋቱ ያው ነው፣ አደጋ ላይ የሚወድቀው ሞተርም ያው ነው።

ምልክት፦ ከቺንጋው ክዳን ሥር ዘይት ወይም ናፍጣ ይንጠባጠባል

መንስኤው ብዙውን ጊዜ ፓራኦሊዮ የሚባለው የዘይት ማገጃ ጎማ፣ ከክራንኩ ወይም ከካሙ ፊት ያለው ነው። ዘይት የነካው ቺንጋ ያብጣል፣ ጥርሱም ይለሰልሳል። ፓራኦሊዮውን ሳይቀይሩ ቺንጋ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ዘይት የጠጣውን ቺንጋ ጠራርጎ መመለስም እንዲሁ።

ሌላው መንስኤ ላቫጆ ላይ የሚደረገው ነው። ክረምት ሲወጣ ጭቃ የለበሰውን ሞተር በናፍጣ ረጭቶ ማጠብ የተለመደ ነው። የክዳኑ ጠርዝ ጎማ ደርቆ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ቺንጋው ይገባል። ክዳኑ ደህና መሆኑን ሳያዩ ሞተር አያሳጥቡ፤ ማሳጠብ ካለብዎ የፊቱን ክፍል በላስቲክ ያሸፍኑ።

ምልክት፦ ሞተሩ እየሄደ ሳለ ድርግም ብሎ ጠፋ፣ አልነሳም አለ

በሜዳ ላይ ከሆነ ፍሪሲዮን ይርገጡ፣ ማርሹን ያውጡ፣ ዳር ይያዙ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ወይም ከደጀን ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ከሆነ ግን ማርሹን አያውጡ። የናፍጣ መኪና ፍሬን የሚያግዘው በቫኪዩም ፖምፓ ነው፤ በአብዛኞቹ የቶዮታ ናፍጣዎች ይህ ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ይገኛል። መኪናው በማርሽ እየወረደ ክራንኩ እስከዞረ ድረስ ፖምፓውና የመሪው እገዛ ይሠራሉ፤ ሞተሩም ጥቂት ይይዛል። የቫልቭ ነገር እዚያ ላይ አይታሰብም፤ የሚቀድመው ሕይወት ነው። ፍሬኑን እየረገጡ እየለቀቁ አያዳክሙት፤ አንድ ጊዜ አጥብቀው ይያዙና መኪናው እስኪቆም አይልቀቁ። ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያም ለጎማው ድንጋይ።

ከቆሙ በኋላ ምርመራው የሚጀምረው ከላይኛው ክዳን ነው። ከመቆሙ በፊት እየጎተተ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ጉልበት እያነሰ ከመጣ ጥፋቱ ናፍጣ ወይም ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። የቺንጋ መበጠስ ግን አይጎትትም፤ በአንድ ጊዜ ነው። አንድ ሰው ሳያውቅ ሞተሪኖውን ነክቶት ከሆነም ድምፁ ይናገራል፤ ሞተሩ እንደ ወትሮው እየተገታ ሳይሆን ቀልሎና ፈጥኖ ይዞራል። ክዳኑን ሲከፍቱ ቺንጋው ሙሉ መስሎ ቢታይ አይዘናጉ። ብዙ ጊዜ የሚላጨው ከታች፣ ከክራንኩ በኩል ያለው ጥርስ ነውና ከላይ ምንም አይታይም። ክራንኩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ በጥቂቱ ብቻ ይሞክሩ። ካሙ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ነገሩ አልቋል፤ የሚገታ ነገር ካጋጠመ ደግሞ አይግፉት። መኪናው በሌላ መኪና ተጭኖ ወይም በገመድ ተጎትቶ ይሂድ፤ በገመድ ከሆነ ማርሹ ወጥቶ።

ጋራዥ ሲደርስ በፍጥነት እየሄደ የተበጠሰ ሞተር ቫልቭ ተጣሟል ብሎ መነሳት ይሻላል። ሲነሳ ወይም በዝግታ እየሠራ ሳለ የተበጠሰ አንዳንዴ ይተርፋል። ቴስታታውን (ቫልቮቹ የተቀመጡበትን የሞተሩን ራስ) ከማውረድ በፊት የቫልቮቹን ክፍተት መለካት ይቻላል። የተጣመመ ቫልቭ ወደ ቦታው ስለማይመለስ ክፍተቱ ከሌሎቹ በጣም ይሰፋል። በ4ዲ56 ላይ ቀድመው የሚሰበሩት ብዙውን ጊዜ ቫልቮቹን የሚጫኑት ክንዶች ናቸው። ክፍተቱ ሁሉ እኩል ከሆነ ክራንኩ፣ ካሙና ፖምፓው ላይ ያሉትን የመግጠሚያ ምልክቶች አስተካክሎ አዲስ ቺንጋ ማስገባት፣ በእጅ ማዞር፣ ከዚያም የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት መለካት ነው። አንዱ እንኳ ከቀነሰ ቴስታታው ይወርዳል፣ ጓርኒሲዮኑም (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) አዲስ ይሆናል።

ምልክት፦ ቺንጋው ተቀይሮ ሲወጣ ሞተሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም

ለመነሳት ይቸገራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የናፍጣ ፖምፓው ወደ ኋላ አንድ ጥርስ መቅረቱን ያሳያል። በተቃራኒው ጠንካራ የብረት ምት ከተሰማ ፖምፓው ቀድሟል። ካሙ ከሳተ ደግሞ ሞተሩ ያልተስተካከለ ትንፋሽ ይተነፍሳል። በኬዲዎቹ ላይ የሞተር መብራትም ሊበራ ይችላል። በዚህ ሁኔታ «ይሞክር፣ ይላመዳል» የሚል መካኒክ ቢያጋጥምዎ መኪናውን አይንዱት። ቺንጋ አይላመድም።

መፍትሄው ከመጀመሪያው በትክክል መሥራት ነው። አሮጌው ቺንጋ ከመውጣቱ በፊት ክራንኩ፣ ካሙና ፖምፓው ላይ ያሉት ምልክቶች ከሞተሩ ምልክቶች ጋር ይገጣጠሙ። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ተይዞ የአዲሱ ጥርስ ይቆጠር፤ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም ይምጣ ከባሕር ዳር ሱቅ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ ማስረጃ አይሆንም። አዲሱ ቺንጋ አይታጠፍ፣ አይጠምዘዝ፣ በካቻቢቴ እየተጎነጎነ አይግባ፤ አንዴ የታጠፈ ክር ውስጡ ተሰብሯል። ወጣሪው በስፕሪንግ የሚሠራ ከሆነ በራሱ ጉልበት እንዲወጥር ይለቀቅ፤ በብረት ተጭኖ አይወጠር። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ያላዝናል፣ ኩሽኔታውንም ይበላል። የኬዲዎቹ ወጣሪ በዘይት ስለሚሠራ በሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ በሚታሰር መቆንጠጫ) ቀስ ተብሎ ይጨመቃል፣ ፒን ገብቶለት ይታሰራል፣ ከዚያ ፒኑ ይነቀላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አብዛኛው ሰው በጥድፊያ የሚዘለው ነው። ክራንኩ በቁልፍ፣ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ይዙር። ካሙ አንድ ዙር የሚጨርሰው ክራንኩ ሁለት ሲዞር ነውና አንድ ዙር አይበቃም። ምልክቶቹ ተመልሰው ሦስቱም ከገጠሙ የወጣሪው ብሎን ይጥበቅ። አንዱ እንኳ በግማሽ ጥርስ ከሳተ ይፈታና እንደገና ይጀመር። ሞተሪኖ የሚነካው ይህ ካለቀ በኋላ ነው። ሁለቱ ዙሮች ሲዞሩ ቆመው ይመልከቱ፤ መካኒኩ የሚከፋ ከሆነም ይክፋው።

ምልክት፦ አዲስ የተቀየረ ቺንጋ ጊዜው ሳይደርስ ተበጠሰ

የተበጠሰውን አይጣሉት፤ ምክንያቱ እርሱ ላይ ይታያል። አንድ ጠርዙ ብቻ የተበላ ከሆነ ፑሌጃዎቹ መስመር ስተዋል ወይም ኩሽኔታው ተዘንብሏል። ጥርሶቹ በአንድ ቦታ ብቻ ከተላጩ አንድ የሚዞር ነገር ተይዞ ነበር። በመላ ካበጠና ከለሰለሰ ዘይት ወይም ናፍጣ ነክቶታል። ቀጥ ብሎ በቢላ እንደተቆረጠ ከሆነ ከመግባቱ በፊት ታጥፎ ነበር፤ ወይም ጠጠር ገብቶበታል።

ጠጠሩ የሚገባው በክዳኑ በኩል ነው። «ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲቀል» ተብሎ የታችኛው ክዳን ሳይመለስ የቀረባቸው፣ ወይም በሁለት ብሎን ብቻ የተንጠለጠለባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና በኩል በአቧራና በጭቃ መንገድ ለሚመላለስ፣ በመኸር ወቅት የጤፍ ገለባ ለሚጭን መኪና ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ጋራዡን ለቀው ከመውጣትዎ በፊት ጎንበስ ብለው የክዳኑን ብሎኖች ይቁጠሩ፣ የጠርዙን ጎማ በጣትዎ ይዳስሱ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም ክዳኑ ላይ በማይጠፋ ቀለም ያስጽፉ።