ሳትቀጣ ጠንክረህ ጣል

ልጄ ሜሪላንድ ውስጥ በሃይስኩል ቡድን የአሜሪካን ፉትቦል ይጫወታል። ተከላካይ ነው። አምና ኳስ የያዘውን ልጅ ከመስመር ከወጣ በኋላ ገፍቶ ጣለው። ዳኛው ቢጫውን ጨርቅ ወረወረ፤ ቡድኑ 15 ያርድ ወደ ኋላ በመገፋት ተቀጣ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ አብረን እንለማመዳለን። እንዲህ እለዋለሁ፦

ከሁሉ በፊት ጭንቅላትህን! አታቀርቅር። ዓይንህ የባለኳሱ ወገብ ላይ ይሁን። ትከሻ ያታልላል፣ ወገብ ግን አይዋሽም። ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ ቅረብ። በትከሻህ ግጠመው፣ ጭኑን በሁለት እጅህ እቀፍ፣ እግርህን ሳታቆም ግፋ። አቀርቅረህ በሄልሜትህ አናት ከገጨህ ግን ቅጣቱ ትንሹ ነገር ነው፤ የገዛ አንገትህ ሊሰበር ይችላል። ይህን ስነግረው ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ኳሷን ከለቀቀ እጅህን ሰብስብ። የሄልሜቱን የፊት ፍርግርግ ይዘህ አትጎትት። ፊሽካ ከተነፋ ተወው። ኮሌጅ ስትገባ ደግሞ ጭንቅላት ላይ አነጣጥሮ መግጨት ከጨዋታ ያስወጣል።

ይህን 20 ጊዜ እንደግመዋለን፤ አሮጌ ፍራሽ አቁመን፣ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በሩጫ።