የተሙማን 60 ሰዓት ወደ ክፍል መመለስ፦ መሪ መምህራን ባልደረቦቻቸውን የሚያግዙበት አሠራር

በአገራችን አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) እንዲሠራ ይጠበቃል። በብዙ ትምህርት ቤት ግን ሰዓቱ የሚያልቀው ማህደረ ተግባር (መምህሩ የሠራው የሚመዘገብበትን ፋይል) በመሙላት ነው። ሰኔ ላይ ማህደሩ ይወፍራል፤ ማስተማሩ እንደነበረ ይቀራል።

አንዱ መፍትሔ መሪ መምህር የባልደረቦቹን ክፍል ገብቶ እያየ፣ አብሯቸውም እየተወያየ የሚያግዝበት አሠራር ነው። ይህም የሚጀምረው ከክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ለመሪነት የታጨው መምህር በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀነስለት፦ አንዱ ለምልከታ፣ ሌላው ለውይይት። የውይይቱ ሰዓት ከሚያግዛቸው መምህራን ክፍት ጊዜ ጋር ካልገጠመ ሥራው ወደ ሻይ እረፍት ይገፋና በኅዳር ይረሳል። መሪው ከሦስት መምህር በላይ አይያዝ። ምርጫው በደረጃ እድገት ስያሜ ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ ባልደረቦቹ ሲቸግራቸው ቀድመው የሚጠይቁት ሰው ማን እንደሆነ መምህራን ክፍል ውስጥ ይታወቃል።

መሪውና የሚያግዛቸው መምህራን ለመንፈቅ ዓመቱ አንድ ጠባብ ችግር ይያዝ። «ውጤት ማሻሻል» ብሎ ማቀድ ምንም አለማቀድ ነው። «ተማሪዎች 1/2 ሲደመር 1/3 ሲባሉ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምረው 2/5 ይላሉ» የሚለው ግን ነገ ክፍል ገብተው የሚያዩት ነገር ነው።

አንድ የምልከታና የውይይት ዙር 90 ደቂቃ ይፈጃል፦ 20 ደቂቃ ምን እንደሚታይ መስማማት፣ 40 ደቂቃ ምልከታ፣ 30 ደቂቃ ውይይት፤ ቢቻል በዚያው ቀን። የመጀመሪያው ዙር በራሱ በመሪው ክፍል ይሁን፤ እሱ ሳይታይ ሌላውን ልይ ካለ ቁጥጥር ይመስላል።

ተመልካቹ ባለ 30 ነጥብ ቅጽ ይዞ ባይገባ ይሻላል። በነጭ ወረቀት የዴስኮቹን አቀማመጥ ይንደፍ፤ መምህሩ ጥያቄ በጠየቀ ቁጥር የመለሰው ተማሪ ቦታ ላይ ጭረት ያድርግ፣ ሴት ከሆነች ክብ። ብዙውን ጊዜ ጭረቱ ከፊት ሁለት ረድፍ ላይ ይከማቻል። በውይይቱ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ የሚናገረው ያስተማረው ነው። «እዚህ ጋ ምን ይታይሃል?» ከተባለ ራሱ ይደርስበታል። በመጨረሻ አንድ ለውጥ ብቻ ይመረጥ፣ ለምሳሌ ከጥያቄ በኋላ አምስት ሰከንድ መጠበቅ፤ በቀጣዩ ዙር የሚታየውም እሱ ነው።

አሠራሩን ቶሎ የሚገድለው ወረቀቱ ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና መግባቱ ነው። ነጥብ ካለበት መምህሩ የተለማመደ ትምህርት ያቀርባል፤ መልሱን የሚያውቅ ቀኝ እጁን፣ የማያውቅ ግራ እጁን እንዲያወጣ አስቀድሞ የተነገረው ክፍል ለሱፐርቫይዘርም አዲስ አይደለም። ስለዚህ ንድፉ ያስተማረው ዘንድ ይቅር፤ ወደ ማህደሩ የሚገባው ቀኑ፣ የታየው ጉዳይና የተመረጠው ለውጥ ብቻ ነው።

አንድ መምህር በዓመት 10 ዙር ቢደርሰው 15 ሰዓት ይሆናል። ቀሪው 45 ሰዓት ለጋራ የትምህርት ዝግጅትና ለጉድኝት ማዕከል (በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች በጋራ ለሚሠሩበት ማዕከል) ስብሰባ ይበቃል።

ጀማሪ መምህራን የሁለት ዓመት የትውውቅ ጊዜያቸውን ከመካሪ ጋር ስለሚያሳልፉ ይኸው ዙር ለእነሱም ያገለግላል። መካሪው ግን ያንኑ ትምህርት የሚያስተምር፣ በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነም በአንድ ፈረቃ ያለ ይሁን። ጠዋትና ከሰዓት የተከፋፈሉ ሁለት መምህራን በር ላይ ሰላምታ ከመለዋወጥ አያልፉም።